ሁለተኛው ድስት

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ሾርባ ሲሠራ ወጥ ቤቱ ሰው ድርሽ አይልም። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ አንድ ልጁን ያሳደገው በዚሁ ሾርባ ነው ማለት ይቻላል። የዚያን እሑድ ግን ጭንቅ ይዞታል። ልጁ ሊያገባት ያሰባትን ነርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምሳ ይዟት ሊመጣ ነው፤ እሷ ደግሞ የወተት አለርጂ አለባት።

«አባዬ፣ ቅቤም ቢሆን ያው ነው። ትንሽ ብትቀምስ ጉሮሮዋ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል» ብሎታል ልጁ በስልክ።

ሾፌሩ ድስቱን፣ ማማሰያውንና መክተፊያውን ሦስት ሦስት ጊዜ አጠበ። የሾርባ ማጣፈጫውን ካርቶን መነጽሩን አድርጎ ቢያነብ፣ ከታች በደቃቅ ፊደል «የወተት ዱቄት» ይላል። «አንቺ ተንኮለኛ!» ብሎ መደርደሪያው ላይ መልሶ ወረወራት። በምትኩ ከማለዳ ጀምሮ የበሬ አጥንት ቀቀለ፤ በክሬም ፋንታ ዱባ ጨፍልቆ አወፈረው። ካሮቱና ድንቹ ገብተው ሲንተከተክ፣ ሽታው እስከ ታችኛው ፎቅ ወረደ።

ይሄኔ ታላቅ እህቱ ከተፍ አለች። ዘመድ ሁሉ «ጄኔራሏ» ነው የሚላት። ሾፌሩ ሸሚዝ ሊቀይር ገብቶ ሲመለስ፣ ድስቱ ላይ አጎንብሳ ማንኪያ ስትልስ አገኛት።

«ምን አደረግሽ?»

«ምን አደርጋለሁ? ሾርባህ ነፍስ የለው! አንዲት ማንኪያ ቅቤ ጣል አደረግሁበት።»

ሾፌሩ ወንበር ስቦ ዘፍ አለ። «እቴቴ፣ ልጅቷን ሆስፒታል ልታስገቢያት ነበር እኮ!»

«በአንዲት ማንኪያ?»

«በአንዲት ጠብታ!»

የጄኔራሏ ፊት ዐመድ መሰለ። ማንኪያዋን መታጠቢያው ውስጥ ወረወረች። በሩ ተንኳኳ።

ከላይ የተንሳፈፈውን ገፍፌ ዝም ብልስ? የሚል ሐሳብ ሾፌሩን ሽው አለው። ወዲያው በራሱ አፍሮ ሄዶ በሩን ከፈተ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ልጄ፣ ሾርባው ውስጥ ቅቤ ገብቷል። እንደ አዲስ ልሠራ ነውና ምሳ ይዘገይብሻል፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ነርሷ ትክ ብላ አየችው። «አባባ፣ ሰው ቤት እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም። ‹ትንሽ ናት፣ ምንም አትልሽም› ነው የሚሉኝ።» ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ድንች መላጫው የት አለ?»

ጄኔራሏ እየተሯሯጠች እዚያው ሰፈር ወዳለው ቤቷ ሄዳ፣ አሥር ዓመት ከነካርቶኑ ያስቀመጠችውን አዲስ ድስት ይዛ መጣች። ካሮት ልታነሳ ስትል ነርሷ፣ «እትዬ፣ መጀመሪያ እጅዎን በሳሙና! እስከ ክርንዎ!» አለቻት። ጄኔራሏ እሺ ብላ ታጠበች። አባትና ልጅ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

አጥንት ስላልተረፈ ሁለተኛው ሾርባ አትክልት ብቻ ነበር፤ የበሰለውም ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ቅቤ የገባበት ድስት ተከድኖ ለታች ጎረቤቶች ወረደላቸው። ነርሷ አንዱን ሳህን ጥርግ አድርጋ፣ «አባባ፣ ይጨመርልኝ» አለች። ሾፌሩ በደስታ የሚሆነውን አጣ።

ጄኔራሏ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንቁላልስ ይስማማሻል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ዓሣስ?»

«እሱም።»

«እንግዲያው የሚቀጥለው እሑድ እኔ ቤት ናችሁ!»

ሾፌሩ ማንኪያውን አስቀምጦ ዓይን ዓይኗን አያት።

«ምን ታፈጥብኛለህ?» አለች። «ቅቤውን ዛሬውኑ ከቤቴ አስወጣዋለሁ!»