እንደ ስፌት የተዘራ ካሮት

ግራ እጁ አንዷን የካሮት ቡቃያ ከሥሯ ደግፎ ይይዛል፤ ቀኙ አጠገቧ ያለችውን ይነቅላል። ይነቅላል ማለት እንኳ ድፍረት ነው። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ቀጭኗን ግንድ ፍለጋ አየር ይቆነጥራሉ፣ ያገኟታል፣ ታመልጣቸዋለች፣ እንደገና ያገኟታል። የወጣችውን ቅርጫት ውስጥ ይጥላትና የተቀመጠበትን ዱካ አንድ ጋት ወደፊት ይገፋል።

ሰውዬው አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቷል። ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይለዋል፤ ደንበኛው አንገቱ ሲለካ ትንፋሹን እንዲይዝ ያዝዝ ነበርና። ከስድስት ወር በፊት አንድ ጠዋት የስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠ ቀኝ ጎኑ ከዳው። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። እግሩ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ እጁ ግን እንዳኮረፈ ዘመድ ዝም አለ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በቀን መቶ ጊዜ የሚጨብጠው የላስቲክ ኳስ ሰጠችው። ሦስት ቀን ጨበጠና ውኃ መውቀጥ ነው ብሎ አልጋ ሥር ላከው። ሱቁን ልጁ ብቻዋን ይዛ ነበር፤ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ በመኪና ትሰፋለች። የእጅ ስፌት ግን አልሆነላትም፤ ኮትና ካፖርት ይዞ የመጣውን ሁሉ ትመልሳለች። አንድ ቀን ራት ላይ፣ ሦስት ወር እንጠብቅ፣ እጅህ ካልተመለሰ ሱቁን ለቅቄ ልብስ ፋብሪካ እቀጠራለሁ አለችው። እሺ አለ። በማግስቱ ሸሚዙን ስትቆልፍለት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የሰው እጅ ከማየት ይሰውረን ሲል የኖረ ሰው፣ የልጁን እጅ ማየት ጀመረ።

ወደ ጓሮ ያወጣችው ጎረቤቱ ናት፤ ጡረታ የወጣች አዋላጅ። ግድግዳ ላይ ከምታፈጥ መሬት ላይ አፍጥ ብላ ከጓሮዋ አንዱን ጥግ ሰጠችው። እሱም በሙያው ዘራ። ሲባጎ ወጠረ፣ በሜትር ለካ፣ ዘሩን በግራ እጁ አስጠግቶ ደረደረው፤ በእሱ ሙያ የሳሳ ስፌት ነውር ነው። ቡቃያው እንደ ብሩሽ ጸጉር ተጠቅጥቆ ሲወጣ ኩራት ተሰማው። አዋላጇ መጥታ አየችና ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ካሮት ዘራህ ወይስ ሸሚዝ ዘመዘምክ?»

«ጥሩ ስፌት ጠበቅ ይላል» አላት።

«ካሮቱ ይታነቃል። ከሦስቱ ሁለቱን አውጣ። በል፣ የሰፋኸውን ፍታ።»

በደህናው እጁ ብቻ ሞከረ። ሲነቅል የሚቀረውም ቡቃያ አብሮ ወጣ። ቀኙ እንዲደግፍ ቢያደርግ፣ የደነዘዙት ጣቶች ቅጠሉን ጨፈለቁት። ስለዚህ ግራው ደጋፊ፣ ቀኙ ነቃይ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ስድስት ነቅሎ ላብ አጠመቀው። በማግስቱ ዘጠኝ። ሁለተኛውን መደብ ሲዘራ ነገሩ ገብቶት ነበር፤ ያም ሆኖ እጁ የሚነቅለው እንዳያጣ ዘሩን እንደ በፊቱ አጥብቆ ደረደረው። አዋላጇ አየችና ለነቀላው ቅርጫት አቀበለችው።

ለውጡ በእጁ ብቻ አላበቃም። ዱካው አጭር ስለሆነ በቀን ሃያ ጊዜ ሲነሳና ሲቀመጥ ጉልበቱ ማጉረምረሙን ተወ። ለመደቡ የሚሸከመው የውኃ ባልዲ ከግማሽ ወደ ሙሉ ሄደ። ቀን ሲያንቀላፋ ይውል የነበረ ሰው ሌሊቱን ድብን ብሎ ይተኛ ጀመር። አዋላጇ በየሳምንቱ የደም ግፊቱን ትለካለች፤ ወርዷል ትልና፣ ካሮት ነቀልኩ ብለህ ክኒን እንዳትረሳ ብላ ትገሥጸዋለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ስትለው፣ አርባ ዓመት ሰማሁት፣ አንድም እንቁላል ሲሄድ አላየሁም ይላታል።

ኳሱ ለምን እንዳልሆነለት አንዳንዴ ያስባል። ኳስ ቢጨብጡትም ባይጨብጡትም ያው ኳስ ነው። ቡቃያ ዛሬ ካልሳሳ ነገ ይበላሻል። እጁም እንደ ሰውዬው፣ ለሥራ ሲጠሩት እንጂ ለጨዋታ አይመጣም።

ዛሬ ሦስቱ ወር ይሞላል። መደቡን ጨርሶ ሲታጠብ ልጁ ከሱቅ መጣች። ትልቁን የጨርቅ መቀስ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ከጎኑም ቁራጭ ሱፍ። መቀሱን አነሳ። ሁለት ጊዜ ቆረጠ። በሦስተኛው አውራ ጣቱ ከቀለበቱ ሾለከና መቀሱ ዘመመ፤ የጨርቁ ጠርዝ ጥርስ አወጣ።

«ከበደኝ፣ ልጄ» አለ። «አልዋሽሽም።»

አንገቷን ደፋች። እሱ ጣቶቹን ያያል። የጥፍሩ ሥር አፈር አልለቀቀም።

«መርፌ ይዘሻል? ቀጭኑን።»

«ምን ልታደርግ፣ አባዬ?»

«መቁረጡን አንቺ ትችያለሽ። ኮት የያዘ ሰው ግን ከእንግዲህ አትመልሺ።»

ቦርሳዋ ውስጥ፣ ለባለቤቱ ሳይሠራ ልትመልሰው የነበረ አንድ ኮት ነበር፤ ገበሩ ከታች ተለቅቋል። አውጥታ ጉልበቱ ላይ ዘረጋችለት።

«ክሩንም አስገቢልኝ፤ ዓይኔ ካሮቱን ገና አልቀመሰም።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስገባች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ስፌቶች ተንጋደዱ፤ ፈታቸው። አራተኛው ላይ ሁለቱ ጣቶች መርፌዋን ቆነጠሩ፣ ያዙ፣ ሳቡ። ልጁ የጨርቁን ጫፍ ወጥራ ይዛለታለች። ጥቂት ስፌት ካለፈ በኋላ፣ ነገ ለፋብሪካው ደውዬ አልመጣም እላቸዋለሁ አለች፤ እሱም፣ ጨርቁን አታወዛውዢ አላት።

አንድ ስንዝር ለመስፋት ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ክሩን ቋጠረ፣ በጥርሱ በጠሰ፣ ኮቱን አጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረው።