መብራቱ ካልበራ

"ኃይል የለውም፣" አለ መምህሩ አፉን ሞልቶ፤ ኃይል መኖሩን የሚያሳየው የቴስተሩ መብራት አልበራም ነበር። ፒንሳውን ወደ ገመዱ ሲሰነዝር አሠልጣኟ ቀደም ብላ እጁን ያዘችው።

"ቴስተሩ እንደሚሠራ በምን አወቁ?"

ክፍሉን የሞሉት ለጥገና ሥልጠና የመጡ የኤሌክትሪክ መምህራን ናቸው። አብዛኞቹ ከጠመኔ ጋር እንጂ ከፒንሳ ጋር ብዙም አይተዋወቁም፤ በዚህም እርስ በርስ ይቀላለዳሉ። እሱ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማረ ሰው ነውና ጥያቄው እንደ ስድብ ተሰማው።

"አዲስ ነው እኮ፣" አላት።

"እስቲ እዚያ ይሞክሩት።"

የክፍሉ አየር ማራገቢያ የተሰካበትን የሶኬት ማከፋፈያ ነበር ያሳየችው። ማራገቢያው ይዞራል። የቴስተሩን ጫፍ ባዶው ሶኬት ውስጥ አስገባ፤ መብራቱ አልበራም። ሁለተኛው ቀዳዳ ላይም ያው ነው። ከኋላ አንዱ ሳቀ።

"አበላሽቼ ነው የሰጠሁዎት፣" አለች አሠልጣኟ። "ቴስተሩ መጀመሪያ ኃይል ባለበት ይሞከራል፤ ከዚያ በሚጠገነው ላይ፤ ከዚያ እንደገና ኃይል ባለበት። ይህን የማያስተምር መምህር ተማሪ ያስገድላል።"

ለሁሉም የተናገረችው ነበር፤ የእሱ ጆሮ ግን ጭው አለ። የታላቅ እህቱ ልጅ እሱው አስተምሮት ተመርቆ፣ አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ሲጠግን ኤሌክትሪክ ይዞት ከሞተ አሥር ወሩ ነው። አብሮት ይሠራ የነበረው ወጣት ለቅሶ ቤት መጥቶ፣ "አልበራም ብሎ ነው የነካው፤ ኋላ ስናየው ቴስተሩ አይሠራም" ሲል መምህሩ ተቆጥቶ አስቆመው። "ቸኩሎ ነው" አለ። እናትየው ያቺን ቃል ያዘች። ከዚያ ወዲህ ስታለቅስም ልጇን እየወቀሰች ነው።

ከሥልጠናው እንደወጣ በቀጥታ እህቱ ዘንድ ሄደ። ልብስ ስታጥፍ አገኛት።

"ምነው ፊትህ እንዲህ ጠቆረ? ሥልጠናው ከበደህ እንዴ?"

"እትዬ፣ እስቲ አረፍ በይ።"

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ለአንድ አፍታ ዝምታው አማረው፣ በዚህም ራሱን ጠላ።

"ልጅሽ አልቸኮለም። መብራቱ ካልበራ ኃይል የለም ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያልኩትን አንድም ሳያጎድል ነው ያደረገው። ቴስተሩ ራሱ አስቀድሞ እንደሚሞከር አልነገርኩትም። እኔም አላውቅም ነበር።"

እጆቿ ሸሚዙ ላይ ቀሩ። "አሥር ወር ሙሉ፣" አለች፤ "አፈር የለበሰ ልጄን ስወቅስ።"

ይቅርታ ሊላት አፉን ሲከፍት በእጇ አስቆመችው።

"ሌሎቹስ?"

"የትኞቹ?"

"ያስተማርካቸዋ። እነሱ እናት የላቸውም?"

ስንቶቹ በዚህች ሰዓት ገመድ እየነኩ እንደሆነ አሰበ። ስልኩን አወጣና፣ መጀመሪያ ያገኘው ቁጥር ላይ ደወለ። የቀድሞ ተማሪው በደስታ አነሳው።

"መምህር፣ እንዴት ነዎት? በሰላም ነው?"

"ሥራ ላይ ነህ?"

"አዎ፣ መሰላል ላይ ነኝ።"

"ውረድ፣" አለው። "የተሳሳተ ነገር አስተምሬሃለሁ።"