የወንጂ ሰው ባዶ ሆድ

አባታችን ኡበይደላ ዕድሜውን በሙሉ ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጥ ኖሮ በስኳር በሽታ ሞተ። መጀመሪያ የግራ እግሩ ተቆረጠ፣ ቀጥሎ ዓይኑ ጠፋ፣ ባለፈው ጥቅምት ደግሞ እሱ ራሱ ሄደ። ሲቀበር አላለቀስኩም። የወንድሜ የጠሃ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ አቁመው ስለነበር እንባዬን ለሁለተኛ ቀብር ያስቀመጥኩት ይመስለኛል።

ያ ቀብር አልመጣም። በጥር አዲስ አበባ ሄደን ከኩላሊቶቼ አንዱን ሰጠሁት።

ከሦስት ወር በኋላ ለክትትል አዳማ ወዳለ ክሊኒክ ሄድን። ዶክተር ልዑልሰገድ ወረቀት ይዞ ጠየቀን። አባታችሁ በምን ሞተ? ጠሃ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ስንት ኪሎ ጨመረ? ምን ምን መድኃኒት ይወስዳል? በየመልሱ ምልክት ያደርጋል። አንዱንም ባዶ አላለፈውም።

«ሰውነትህ የእህትህን ኩላሊት እንዳይገፋው የምትውጠው መድኃኒት ስኳር ሊያስነሳ ይችላል» አለው። «በአባትህ በኩልም አለ። ስጋትህ ከፍ ያለ ነው። ስጋት ግን በሽታ አይደለም። ነገ በባዶ ሆድ ና፣ እንለካለን።»

እኔ የሰማሁት የመጨረሻውን አልነበረም። አባቴን የበላው በሽታ አሁን ጠሃንም፣ ከነሰጠሁት ኩላሊት ሊበላው ነው አልኩ።

በማግሥቱ ማለዳ ጎረቤታችን ጀቤሳ በባጃጁ ወሰደን። ነርሷ ዘርፉ ጠሃን «ቁርስ በልተሃል?» አለችው።

«ወላሂ ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልበላሁም።»

«ሻይስ?»

«ኧረ ምን ሻይ!»

ጣቱን ወግታ ለካች። መቶ ዘጠና ስምንት። «በባዶ ሆድ ከመቶ በታች መሆን ነበረበት» ብላ ዘርፉ ዶክተሩን ጠራች።

ዶክተሩ «አይዞህ፣ ሕክምና አለው» ብሎ ጨበጠው። ከዚያ የራሱን መዳፍ ገልብጦ አየ።

«እጅህ ለምንድን ነው የሚጣበቀው?»

«ይሄማ የሸንኮራ ነው።»

«የምን ሸንኮራ?»

«ባጃጅ ስንጠብቅ የቆረጥኳት።»

«ምንም አልበላሁም አላልክም?»

ጠሃ ከልቡ ግራ ገባው። «ዶክተር፣ ሸንኮራም ከምግብ ይቆጠራል?»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ዝም ብለሽ አየሽው?»

ምን ልበል? ግማሹን የመጠጥኩት እኔ ነኝ። ወንጂ ያደገ ሰው ጠዋት ሲወጣ ሸንኮራ ሰብሮ በጥርሱ ይልጣል፤ ቁርስ ብሎ የሚጠራው የለም። አባቴም እግሩ ከተቆረጠ በኋላ እንኳ እየመጠጠ «ዛሬ ምንም አልቀመስኩም» ይለን ነበር። እኛም እናምነው ነበር።

ዶክተሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። «እንግዲያው የለካነው አንተን ሳይሆን የወንጂን ማሳ ነው። ነገ እጅህን በሳሙና ታጥበህ ና። መንገድ ላይም ዓይንህን ጨፍን።»

በማግሥቱ ባጃጁ ውስጥ ሁለቱንም እጆቹን ይዤ ተቀመጥኩ። ሸንኮራ የጫነ ትራክተር ሲያልፈን ጠሃ «ጨፍኛለሁ፣ ምስክሬ ነሽ» አለ። ዘርፉ ከክንዱ ደም ቀዳች። ውጤቱን በረንዳው ላይ ጠበቅን።

ዘጠና አንድ።

«ዛሬ ስኳር የለብህም» አለ ዶክተሩ። «ስጋቱ ግን እንዳለ ነው። ክብደት ትቀንሳለህ፣ እየመጣህም ትለካለህ።»

ለአባቴ እንዲህ አስቀድሞ የነገረው ሰው አልነበረም።

ስንመለስ፣ ከጥቅምት ጀምሮ የቀረው ለቅሶ ባጃጅ ውስጥ መጣብኝ። ጀቤሳ በመስታወቱ አይቶኝ ፍጥነቱን ቀነሰ። «ምነው ቶይባ፣ ውጤቱ ከፋ እንዴ?»

«ኧረ ደግ ነው» አለ ጠሃ። «ይሄ የአባዬ ነው። ተዋት፣ ታልቅስ።»

የሸንኮራ ማሳው ጋ ስንደርስ በክርኑ ነካ አደረገኝ። «አንቺኮ አልተከለከልሽም፣ ላስቁምልሽ?»

እያለቀስኩ እጁን መታሁት። ደረቅ ነበር፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።