ከጠረጴዛው እግር ሥር

ተዋናዩ ሊያለቅስ ነው፣ አውቄዋለሁ፣ ከንፈሩን መንከስ ከጀመረ አለቀልን፣ መጽሐፍ ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚሞተው ዝምታው ነው፣ የድራማው እናት ገና ሳታለቅስ ሙዚቃው ቀድሟት ያለቅሳል፣ ልጅቷ ግን ጎበዝ፣ ስትዋሽ ጆሮዋን ትነካለች፣ መጽሐፉን ማንበቧ ያስታውቃል፣ የቀሩት ያነበቡት የየራሳቸውን መስመር ነው።

አንተ ሰውዬ አፍህን ዘግተህ እይ ትላለች ሚስቴ፣ አንተን አግብቼ አንድ ድራማ በሰላም ጨርሼ አላውቅም፣ ልጃችን ትስቃለች፣ እግሯን ጭኔ ላይ ዘርግታለች፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሻዩ ትኩስ፣ ደህና ነኝ፣ እውነቴን ነው።

ስክሪኑን የሞላው ቀጮ ነው። ዛሬስ ቦርጭ አውጥቷል፣ ለእኔ ግን ያው ቀጮ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለን ለመመረቂያ ይህንኑ መጽሐፍ በቴአትር ስንሠራ አሁን እሱ የያዘውን አስተማሪ የምጫወተው እኔ ነበርኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ሰውየው ከሥራ የተባረረበት ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ አልቅስ አለኝ አዘጋጁ፣ አላለቅስም፣ መጽሐፉ የሚለው አንብቦ ዝም አለ ነው፣ ከዚያ ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፌ ከሚነቃነቀው ጠረጴዛ እግር ሥር ሸጎጥኩት፣ መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ ከራሴ ያመጣሁት ነው። ተዋናይ ብጠራ አናጢ መጣልኝ አለ አዘጋጁ፣ ልምምድ ላይ የነበረው ሁሉ ሳቀ፣ በማግስቱ ቦታዬን ለቀጮ ሰጠው፣ ቀጮ አለቀሰላቸዋ፣ እንደፈነዳ ቧንቧ፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፣ እኔን በር ከፋች አደረጉኝ፣ አንድ መስመር፣ ጌታዬ እንግዳ መጥቷል። ከዚያ ወዲህ መድረክ አልረገጥኩም። መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፣ የሰው ደብዳቤ ስመዘግብ እውላለሁ፣ ሳቅ ካማራችሁ ሳቁ።

ደብዳቤው መጣ።

ያነባል፣ ሙዚቃው ቆመ፣ አልቅስ እንጂ ምን ትጠብቃለህ፣ ከንፈሩን ለቀቀው፣ ያጥፈዋል፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ምን እያደረገ ነው፣ ጎንበስ ይላል፣ ቦርጩ አስቸግሮታል፣ ጠረጴዛውን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ወረቀቱን ከእግሩ ሥር፣

ሌባ!

ምን ሆንክ? ሻዩን ደፋኸው እኮ ትላለች ሚስቴ፣ ሌባ ነው እላለሁ፣ ማ? እሱ፣ እሱ ነዋ፣ ግን ድምፄ መሀል ላይ ይለሳለሳል፣ ቀጮ ጠረጴዛውን በመዳፉ ጫን አድርጎ ይፈትነዋል፣ ይህንንም እኔ ነኝ ያደረግሁት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ይዞት ኖሯል ማለት ነው፣ እኔ ብቻ የማልረሳ መስሎኝ፣ ያን ቀን ከሚስቁት መሀል አንዱ ያይ ነበር።

አባዬ፣ ይሄ እኮ የኛ ጠረጴዛ ነው፣ ልጄ ፊታችን ያለውን ጠረጴዛ በእግሯ ጣት ታሳያለች፣ ከእግሩ ሥር የታጠፈ ወረቀት፣ በገዛነው ቀን የሸጎጥኩት፣ ማን ነው ከማን የኮረጀው? ትላለች።

ከእኔ።

ጉረኛ ትለኛለች፣ እናቷ ግን አትሰማንም፣ ለድራማዋ እናት ለቅሶ ንቅንቅ ያላለች ሴትዮ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ሳያለቅስ አስለቀሰኝ እኮ፣ ጎበዝ ተዋናይ ነው ትላለች፣ ጎበዝ ነው እላለሁ፣ ወጣልኝ፣ አፌንም አልመረረኝ፣ የተረፈውን ሻይ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፣ ጠረጴዛውን በመዳፌ ጫን አደርገዋለሁ፣ አይነቃነቅም።