ወፍጮ ቤቱ አይዘጋም

ዘይና ያቋረጠችውን ትምህርት እንደገና የጀመረችው ሁለት ልጆች ከወለደች በኋላ ነው። ከሚሴ ላይ ወፍጮ ቤት ያላት፣ ከቅንድቧ ዱቄት የማይጠፋ ሴት ደብተሯን በፌስታል አንጠልጥላ የማታ ተማሪ ስትሆን ከተማው ምን እንዳለ እኔን አትጠይቁኝ። ያላለው ነገር የለም! የክፍል ጓደኞቿ እንኳ፣ እነዚያ ትናንት የተወለዱት፣ «እትዬ ዱቄት» ነበር የሚሏት። እሷ ግን ዓይኗን በጨው አጥባ ከአምስተኛ ክፍል ተነሥታ አሥረኛ ክፍል ደረሰች። ማትሪክ ልትፈተን የቀራት አንድ ዓመት አይሞላም ነበር።

ባሏ ሙሳ የከብት ደላላ ነው። ከቦርከና ወንዝ ማዶ የተወለደ፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ልቡ ክፉ ያልሆነ፣ ግን ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው። ሚስቱ መጽሐፍ ስትገልጥ ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ገበያ ላይ ጓደኞቹ «ሙሳ፣ ሚስትህ ዛሬ የቤት ሥራ ሰጠችህ?» እያሉ ያበሽቁታል። እሱም ተናዶ ቤት ሲገባ የጎረምሳነት ታሪኩን ያነሣል። «እኛ እኮ በሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት ወንዙን ልንሻገር ተዘጋጅተን ነበር! አንድ ጆሮ ጠቢ ባይጠቁምብን ኖሮ! ማን እንደሆነ ባወቅሁት፣ ወላሂ ጆሮውን ነበር የምነቅልለት!» ይላል። ይህን ታሪክ ባወራ ቁጥር ዘይና ውኃ ለመቅዳት ብድግ ትላለች። ሙሳ አንድም ቀን ለምን ብሎ አልጠየቀም።

ነገሩ የመጣው በ1999 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ራዲዮኑ ሁሉ የሰሜን ኮሪያን የኒውክሌር ሙከራ ሲያወራ ሰንብቶ የከተማው ትምህርት ቤቶች የሥነ ዜጋ ክበቦች የክርክር ውድድር አዘጋጁ። ርእሱ «ጠላትነቱን ያወጀና ኒውክሌር ለመታጠቅ የሚጣደፍ መንግሥት ቢገጥመን ምን ይበጃል?» የሚል ነበር። የማታ ተማሪዎቹን ወክላ እንድትከራከር መምህር ወንድማገኝ ዘይናን መረጣት።

«እኔን? መምህር፣ ጤና የለህም እንዴ?» አለችው።

«እትዬ ዘይና፣ ክፍል ውስጥ ጥያቄ የማትፈሪው አንቺ ብቻ ነሽ» አላት፤ በዚያው ነገሩ ተቆረጠ።

ሙሳ ይህን ሲሰማ ሣቁ ግቢውን ሞላው። «ከሚሴ ተቀምጠሽ ኮሪያን ልታስታርቂ ነው? በይ ስሚ! ብትሸነፊ ደብተርሽን ትተሽ ወፍጮሽ ላይ ትቀመጫለሽ። ብታሸንፊ ደግሞ እኔ ራሴ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ሀ ሁ እቆጥራለሁ። ሶፍያ፣ አንቺ ምስክር ነሽ!»

ሶፍያ ጎረቤታቸው ናት። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ገና ወሯ ነው። «እመሰክራለሁ» አለች እየሣቀች። ዘይና ግን አልሣቀችም። ያንን ደብተር ብታጣ ምን ሆና እንደምትኖር አታውቅም ነበር። ቢሆንም እልኋ መጣና «እሺ» አለች። እሺ ካለች በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ አልበላ አላት።

ቅዳሜ ጠዋት የከተማው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ተከራካሪዋ አብዱልጀባር የሚባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከረባት አስሯል፤ አንደበቱ ማር ነው። ዳኞቹን የምትመራው ወይዘሮ አማከለች፣ የፍርድ ቤት ዳኛ፣ ስሙን ስትጠራ ወጣቱ ሁሉ በጭብጨባ ቤቱን አናወጠው። የዘይና ስም ሲጠራ ያጨበጨቡት መምህር ወንድማገኝና ሶፍያ ብቻ ናቸው።

አብዱልጀባር ጀመረ። እውነቱን ልናገር፣ ልጁ ጎበዝ ነው። «ይመታ!» አለ። «ሳይታጠቅ ይመታ! ቀን ውል ይፈርማል፣ ማታ ተራራ ሥር ይቆፍራል። ቤትህ ላይ ቤንዚን እያርከፈከፈ ካለ ሰው ጋር ቁጭ ብለህ ስለ ክብሪት ትነጋገራለህ? አንዴ ከታጠቀ በኋላ ማን ቀና ብሎ ያየዋል? በሠራው ቦምብ እያስፈራራ ልጆቻችንን ዕድሜ ልካቸውን ያስጎነብሳቸዋል!» አዳራሹ በፉጨት ተናጋ።

ዘይና ተነሣች። መምህሯ ያዘጋጀላትን ወረቀት ይዛ ማዕቀብ፣ ድርድር፣ ዓለም አቀፍ ፍተሻ እያለች አነበበች። ቃሉ ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን ከአፏ ሲወጣ የሌላ ሰው ልብስ የለበሰች ያህል ሰፋባት። ከኋላ አንዱ አዛጋ። ሌላው «እትዬ ዱቄት፣ ወፍጮው ቆመ!» ብሎ ጮኸና ሰው ሁሉ በሣቅ ፈረሰ። የመጀመሪያው ዙር ነጥብ ሲነገር በአሥራ አንድ ነጥብ ተበልጣለች። አለቀልኝ፣ አለች በልቧ። ደብተሬ ሄደ።

የቀረው የጥያቄ ዙር ብቻ ነው። አብዱልጀባር ከረባቱን አስተካክሎ ተነሣ።

«እትዬ ዘይና፣ ይፈተሽ ብለዋል። እሺ፣ ይፈተሽ። ያሳየዎትን አይተው ይመለሳሉ። የደበቀውን ግን በምን ያውቃሉ? ቢዋሽዎስ?»

አዳራሹ አጨበጨበ። ዘይና ወረቀቱን አየችው፤ ወረቀቱ ለዚህ መልስ የለውም። ቀና ስትል ዓይኗ መስኮቱ ላይ አረፈ። ከውጭ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጋድሞ፣ ሙሳ ቆሟል! ተደብቆ ሊያያት መጥቷል። መልሱንማ ታውቀዋለች። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ታውቀዋለች። ያን መልስ ከተናገረች ግን ለባሏ ያልነገረችውን ለከተማው ሁሉ መንገሯ ነው።

ብትናገር ሙሳ ምን ይላታል? ባትናገር ደግሞ ደብተሯ! ያ ረቢ አንተው እርዳኝ፣ አለችና ወረቀቱን አጥፋ ከፌስታሏ ከተተችው።

«ቢዋሸኝማ ከወፍጮ ቤት አውቃለሁ» አለች።

ሣቅ ሆነ። እሷ ግን ሣቁ እስኪያልቅ አልጠበቀችም።

«ሣቁ፣ ግን ስሙኝ። አባቴ አበጋር ነበር፤ ጠብ የሚያበርድ፣ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ መሣሪያ እንደ ማሽላ በየሜዳው ተበተነ። የወንዙ ማዶ ሰዎች ዲሽቃ ገዙ፤ ያ ትልቁ መትረየስ። በእኛ ላይ ነበር የገዙት፤ ሠፈራችሁን እናነዳለን ብለው ፎክረዋል። የእኛ ጎረምሶች ልክ እንደ አብዱልጀባር አሉ፤ ሳይጠምዱት እንምታው! ሄዱ፣ መቱ፣ ዲሽቃውን ከሦስት ጎጆ ጋር አቃጠሉት። ዘፈኑ፣ ጨፈሩ። በዓመቱ ማዶዎቹ ሁለት ገዙ። ብረቱን አቃጠልን እንጂ ፍላጎቱን መች አቃጠልነው? እንዲያውም አቀጣጠልነው።»

ያ ያዛጋው ልጅ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«ከዚያ አባቴ ነገሩን ያዘው። በመጀመሪያ የጨፋ ሮቢት ገበያ ይዘጋባቸው አለ። ከብት አይሸጡም፣ ጨው አይገዙም። እኔ የምሠራበት የአጎቴ ወፍጮ ቤትም ይዘጋባቸው ብሎ ሰው ሁሉ ጮኸ። አባቴ ግን፣ ወፍጮ ቤቱ አይዘጋም! አለ። እናቶች ዱቄት ካጡ፣ አለ፣ ያን ዲሽቃ የሚጠሉት እንኳ ይወዱታል። ስለዚህ ወንዶቹ ከገበያ ቀሩ፤ ሴቶቹ ግን በየሳምንቱ እህል ይዘው መጡ። ከእኛ ሴቶች ጋር ተሰልፈው፣ ተጨዋውተው፣ አስፈጭተው ይሄዳሉ። በሦስተኛው ወር የማዶ ሽማግሌዎች እንነጋገር ብለው መጡ። አባቴ ምን ብሎ ጠየቃቸው መሰላችሁ? ምንድን ነው የምትፈሩት? አላቸው። ያን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። የተቃጠሉትን ጎጆዎች ነገሩት። የእኛ ሰዎች ጎጆዎቹን መልሰው ሠሩላቸው፤ ወንዙን ላንሻገር ማልን። እነሱም ሌላ ላይገዙ ምለው ከሁለቱ ዲሽቃዎች የሚያስተኩሳቸውን ብረት አውልቀው ባቲ ላለ የሁለታችንም ወዳጅ ሽማግሌ በአደራ ሰጡ። በየወሩ ከእኛም ከእነሱም ሰው ሄዶ ያየዋል። ገበያው ተከፈተ።»

«እሺ፣ ሦስተኛ ደብቀው ቢሆንስ?» አለ አብዱልጀባር። ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም፤ የምር ማወቅ የፈለገ ሰው ድምፅ ነበር።

«ደብቀው ነበር!» አለች ዘይና።

አዳራሹ ጉርምርም አለ። ዘይና መስኮቱን አላየችም። ብታይ አፏ ይተሳሰራል።

«ጥቂት ጎረምሶች ከሽማግሌዎቻቸው ተደብቀው ሦስተኛ ገዝተዋል። ባቲ የሄዱት ሰዎች ሁለቱን ብረት አይተው፣ ሁሉም ደህና ነው ብለው ተመለሱ። እኔ ግን ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ነበርኩ። አንድ ቀን ከማዶ ካለ አንድ መንደር አሥራ አንድ ሴቶች በሶ ሊያስፈጩ መጡ። ሠርግ የለ፣ ሐጅ የሚሄድ የለ! ለአሥራ አንድ ቤት በሶ ምን ይሠራል? ስንቅ ነዋ! አንዲቱ እናት ገብሱን ስትሰጠኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ልጇ ሊዘምትባት ነው። እኔም ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ በቅሎውን ጭኖ ወንዙን ተሻገረ፤ ለእነሱ ሽማግሌዎች ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ አፈሩ፤ ምለዋል፣ ገበያቸውም ተከፍቷል፤ ይህን ሁሉ ለአሥራ አንድ ጎረምሳ ብለው ሊያጡ ነው? ራሳቸው ሄደው መሣሪያውን ነጠቁ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም።»

ወደ አብዱልጀባር ዞረች።

«ወፍጮ ቤቱ ተዘግቶ ቢሆን ማን ይነግረን ነበር? ያን መንግሥት ገበያውን ዝጉበት፤ ፈትሹት፤ ምን እንደሚፈራም ጠይቁት። ግን ለሕዝቡ አንድ በር ክፈቱለት። የደበቀውን የምታዩት በዚያ በር ነው። እና አብዱልጀባር፣ አንተ እንዳልከው ሁለተኛ መተናቸው ቢሆን ኖሮ ከእነዚያ አሥራ አንድ ጎረምሶች አንዱ ዛሬ በሕይወት ባልኖረ ነበር። ያቺ እጇ የሚንቀጠቀጠው እናት ዛሬ አማቴ ናት። ጎረምሳው ልጇ ደግሞ ያውና፣ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ባሌ ነው።»

አዳራሹ በሙሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። የሙሳ ዱላ ከትከሻው ወደቀ።

«ሱብሃነላህ!» አለ በመጨረሻ፣ በመስኮቱ እስከ ደረቱ ገብቶ። «ጆሮ ጠቢዋ አንቺ ነሽ?!»

«እኔ ነኝ» አለች ዘይና። «ጆሮዬ ይኸውልህ።»

ሰው ሣቀ፤ ሙሳ ግን አልሣቀም። በበሩ ዞሮ እየተጋፋ ገባና መሐል አዳራሽ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል። «እናቴ እስከ ዛሬ፣ ያን ቀን ወጥታችሁ ቢሆን ቀብሬህ ነበር ትለኛለች!» አለ። ከዚያ ወደ ዳኞቹ ዞረ። «ክቡራን ዳኞች፣ ይቺ ሴት ሕይወቴን አትርፋ አሥራ አምስት ዓመት ስሰድባት ዝም አለች። እኔ ብሆን በአንድ ቀን ነበር የምናገረው። የእኔ ሚስት ናት፣ ወላሂ!»

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ «ዱጋ! ዱጋ!» አሉ፤ እውነቷን ነው ማለታቸው ነው። ከዚያማ ጭብጨባው የአዳራሹን ቆርቆሮ ሊያነሣው ደረሰ። ወይዘሮ አማከለች ጠረጴዛ ብትደበድብ ማን ይስማት! «ተመልካች አስተያየት አይሰጥም!» ትላለች፤ ራሷ ግን በመሐረብ ዓይኗን ትጠርጋለች። ነጥቡ ተደምሮ ሲነበብ ዘይና በአራት ነጥብ በልጣለች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

አብዱልጀባር መጥቶ እጅ ነሣት። «እትዬ፣ እኔ ቦምቡን ብቻ ነበር ያየሁት፤ በሶውን አላየሁም» አላት።

«አብሽር፤ ቅዳሜ ወፍጮ ቤት ና፣ ሚዛን አስይዝሃለሁ» አለችው። ልጁም ቅዳሜን ሳይጠብቅ ሐሙስ መጣ።

ከዚያ ወዲህ «እትዬ ዱቄት» ያላት ሰው ካለ፣ በአክብሮት ነው ያላት።

ሙሳ ሰኞ ዕለት እንደ ቃሉ የጎልማሶች ትምህርት ገባ። የመጀመሪያዋን ሳምንት ከተማው እስኪታዘበው ድረስ ደብተሩን ከፍ አድርጎ ይዞ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ወፍጮ ቤቱ በሴቶች ተሞልቶ ሳለ እያፏጨ መጣ።

«እህ፣ ትምህርት እንዴት ነው?» አለችው ዘይና ከሚዛኑ ቀና ብላ።

«ጋሪዳ! በጣም ጥሩ ነው። ትናንት እስከ መ ደረስን።»

«ትናንት አልገባህም። ከብት ተራ ካርታ ስትጫወት ነው የዋልከው።»

የሙሳ ፉጨት ቀጥ አለ። «በምን አወቅሽ?»

ዘይና ዓይኗን ወደ ሚዛኑ መለሰች። ሙሳ ዞር ሲል ሶፍያ ማሽላዋ ላይ ተቀምጣ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። የተሰለፉት ሴቶች ሁሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንፈቀፈቃሉ። ሙሳ አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ ሴቶቹን፣ አንዴ ክፍቱን በር አየ። ከዚያ አንድ ጆንያ ስቦ ተቀመጠና ደብተሩን ገለጠ።