መቀስ ያበቀለው ወንበር

ወንድሜን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «መቀስ» ነው የሚለው። የከተማውን መናፈሻ ቁጥቋጦ እየከረከመ ዝሆንና ጣዎስ ያወጣል። ዝሆኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከፊት ሲያዩት አህያ ነው፤ ይህን ስለው ሳምንት ሙሉ ያኮርፈኛል። አብረን በምንኖርበት ቤት ጓሮ ባለው ሥራው ላይ ግን አልቀልድም።

የጓሮው ሥራ ወንበር ነው፤ ሥሩ መሬት ውስጥ ያለ፣ ቅጠል የሚያወጣ ወንበር። ልጁ ትንሽ ሳለች ነው የጀመረላት። ችግኞችን በክብ ተክሎ፣ ለጋ ሳሉ በእንጨት ቅርጽ ላይ እያጎበጠ በጨርቅ አሰራቸው። ሁለት ቅርንጫፍ የሚሻገሩበት ቦታ ላይ ቅርፊቱን ፋቅ ያደርግና አጥብቆ ያጣምራቸዋል፤ ከርመው አንድ እንጨት ይሆናሉ። ቸኩለው ከፈቱት ይለያያሉ፤ ረስተው ከተዉት ደግሞ ጨርቁ ዛፉን ያንቀዋል።

ከዚያ እሱና ሚስቱ ተለያዩ፤ ልጅቷም ከእናቷ ጋር ባሕር ማዶ ሄደች። አልፎ አልፎ ትደውላለች። ከሰላምታው በኋላ ሁለቱም የሚሉት ይጠፋቸዋል፤ እዚያ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ «ወንበሬስ ደረሰ?» ትለዋለች። «ትንሽ ይቀረዋል እማዬ» ይላታል።

እኔም ትናፍቀኛለች፤ ጠጉሯን የምጎነጉናት እኔ ነበርኩ። የእሱ ናፍቆት ግን ሌላ ነው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሄዶ ከወንበሩ አጠገብ ይቆምና የደረቀ ቅጠል ይለቅማል፣ የሚለቀም ባይኖርም።

«ትንሽ ይቀረዋል» የሚለው ውሸቱን ነው። ወንበሩ ከደረሰ ቆይቷል።

«ምን አስዋሸህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ደረሰ ካልኳት ምን ብላ ትደውላለች፣ እታለም?»

ዝም ብል ይሻል ነበር፤ ግን ወንበሩን ያየ ሰው ዝም አይልም። ወንድሜ ሲለካ ለልጅቷ ማደጊያ ትቶላታል፣ እንደ ትምህርት ቤት ጫማ። ለዛፉ ማደጊያ መተው ግን ረስቷል፤ በእሱ ሙያ ላለ ሰው የሚያሳፍር ስህተት ነው። ግንዶቹ በየዓመቱ ይወፍራሉ፣ መቀመጫው ይጠባል። አሁን የሚመቸው ለድመታችን ብቻ ነው።

«ከሥሩ ቁረጠው» አልኩት። «ቢደርቅም ቅርጹ ባለበት ይቆያል።»

«የደረቀ ወንበርማ አናጺውም ጋ አለ።»

«እንግዲያው እውነቱን ንገራት። ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ፤ ታውቀኛለህ።»

ያውቀኛል።

እሁድ ከሰዓት ደወለች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ በረንዳው ላይ አስቀመጠው። ሰላምታው አለቀ።

«ወንበሬስ፣ አባዬ?»

ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ዓይኔን አልነቀልኩለትም።

«ከደረሰ ቆይቷል ልጄ» አለ። «አሁን ግን ጠቧል። አንቺን አይችልሽም።»

ወንድሜ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ እንደገና ይጠርጋል። ልትዘጋበት ነው ብዬ ምላሴን ረገምኩት።

«ሌላ እጀምርልሻለሁ» አለ ተሽቀዳድሞ። «ችግኝ አለኝ። ለትልቅ ሰው የሚሆን፣ ሰፋ ያለ። ብቻ ልክሽን...» ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «ቁመትሽ አሁን የት ደርሷል? እኔን ታክያለሽ? ወይስ አክስትሽን?»

አባት የገዛ ልጁን ቁመት ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። እንባዬን እንዳያይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«እኔ እንጃ፣ አባዬ» አለች፤ አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማል። «መጥቼ አንተው ብትለካኝ አይሻልም?»

«ይሻላል» አላት። «እሱ ይሻላል።»

ስልኩ እንደተዘጋ ዶማውን አንስቶ ጓሮውን መቆፈር ጀመረ፤ ጉድጓዶቹን አራርቆ፣ በጣም አራርቆ። መቼ እንደምትመጣ አልነገረችንም፤ እኛም ለመጠየቅ አልደፈርንም።