ጀልባ ላይ የምትስቀው ልጅ

ኤልፍነሽ ቶሮንቶ የመጣችው ልጇ እሌኒ ስፖንሰር አድርጋት ነው። ፍሌሚንግደን ፓርክ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከእሌኒና ከልጅ ልጇ ከምስጋና ጋር ትኖር ነበር። እሌኒ በጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትመለሰው፤ ምስጋና ትምህርት ቤት ትውላለች። ኤልፍነሽ ደግሞ ብቻዋን ሊፍት ውስጥ መግባት ስለምትፈራ፣ የመጀመሪያውን የበረዶ ወራት በመስኮት ቁልቁል መኪና ስታይ አሳለፈችው። ስለዚህ ብርሃኑ የሚባል የእሌኒ ወዳጅ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ከፍቶ ጓዳ ውስጥ ዕቃ የሚያጥብ ሰው ሲያፈላልግ፣ ዕድሜዋ ወደ ስልሳ መጠጋቱን ከቁም ነገር ሳትቆጥር እኔ አለሁ አለች።

ብርሃኑ ሲያወራ እጁ የማያርፍ፣ የቆየ ነገር ሲያይ ልቡ የሚጠፋ ሰው ነው። አንድ ቀን ከኢንተርኔት ገዝቶ በፍሬም ያሠራውን ትልቅ ፖስተር ይዞ መጣና ግድግዳው ላይ ሰቀለው። በንጉሡ ዘመን ቱሪስት ለመሳብ የታተመ የምጽዋ ማስታወቂያ ነበር። ከኋላ ባለ ቅስት ነጫጭ የወደብ ቤቶች ይታያሉ፤ ከፊት ጀልባ ላይ ፀጉሯን ነፋስ የበተነው፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ልጃገረድ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ከታች በፈረንጅ ቋንቋ ፀሐይና ባሕር ዓመቱን ሙሉ ይጠብቁዎታል የሚል ተጽፎበታል።

ኤልፍነሽ የምጽዋን ስም ስትሰማ እጇን እየጠራረገች ከጓዳ ወጣች። ልጅ ሆና አጎቷ ባሕር ኃይል ውስጥ ስለነበር እሱ ዘንድ አድጋ፣ ባሕሩ ዳር በነበረ አንድ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ሆና ሠርታለች። ብርሃኑ ፖስተሩ ላይ ያለችውን ልጅ ፍንጭት አየ፤ የኤልፍነሽንም ፍንጭት አየ።

«እትዬ ኤልፍነሽ፣ ይቺ ልጅ እርስዎን አትመስልም?»

«እኔው ነኛ፤ ማን ልትሆን ኖሯል» አለች እየሳቀች።

ቀልዷን ነበር። ብርሃኑ ግን አልሳቀም። መጥቶ አቀፋት፣ ግንባሯን ሳማት፣ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለወዳጆቹ ማብሰር ጀመረ። ቀልዴን ነው እኮ ለማለት አፏን ስትከፍት እሱ ሦስተኛው ሰው ጋ ደርሶ ነበር። በማግስቱ ስትመጣ ማጠቢያው ጋ ሌላ ሴት ቆማለች። ለኤልፍነሽ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ተገዝቶላት በሩ አጠገብ እንግዳ እንድትቀበል ተደረገ። የገባው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላታል፤ ስሟን ይጠራል። እዚህ አገር ከመጣች ጀምሮ ሰው ዓይን ዓይኗን እያየ ሲያናግራት ያን ጊዜ ገና የመጀመሪያዋ ነበር። ቀልድ መሆኑን ነገ ለብርሃኑ እነግረዋለሁ ብላ አሳደረችው፤ ነገም አልነገረችውም።

ብዙም ሳይቆይ ብርሃኑ ቅዳሜ ከሰዓትን የምጽዋ ቀን አደረገው። ዓሣ ይቀርባል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ኤልፍነሽ ከፖስተሩ ሥር ተቀምጣ ታወራለች። ጎብኚው ከአስመራ ሊቶሪና በምትባለው ባቡር እንዴት እንደሚወርድ፣ ልብሱ ላቡ ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ፣ ጉርጉሱም በሚባለው ባሕር ዳር አሸዋው ላይ ጥላ ተተክሎ ፈረንጁ እንዴት እንደሚተኛ፣ ጀልባው ሰው ጭኖ ባሕሩ መሐል ወዳለችው ደሴት እንዴት እንደሚሻገር ትናገራለች። ይህን ሁሉ የምታውቀው በአጣቢዎቹ ክፍል በር ላይ ሻይ ይጠጡ ከነበሩት አስጎብኚዎችና ሾፌሮች ወሬ ነው። እሷ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። ባሕሩን የምታውቀው ከአንሶላ ላይ በምታራግፈው አሸዋ ነበር።

አንድ ጊዜ አንዲት ደንበኛ ፖስተሩን ተጠግታ አየችና የልጅቷ ግራ ቅንድብ ላይ ያለው ጠባሳ የት ሄደ ብላ ጠየቀቻት። ኤልፍነሽ ከዕድሜ ጋር ጠፋ አለች።

እቤትም ነገሩ ሥር ሰደደ። ምስጋና የፖስተሩን ፎቶ ክፍሏ ወስዳ አያቴ ናት ብላ ተጨበጨበላት። እሌኒ ደግሞ አልቅሳ፣ «እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን ደበቅሽኝ?» አለቻት። ኤልፍነሽ በማግስቱ ብርሃኑን ወደ ጓዳ መልሰኝ ብትለው፣ ሙያዎን ማን ይተካልኛል ብሎ ሳቀባት። ይባስ ብሎ የሜኑው ሽፋን ላይ የዛሬ ፎቶዋን ከፖስተሩ ጎን አሳተመው።

ያዕቁብ የሚባል ታክሲ ነጂ ምሳውን እዚያ ይበላ ነበር። ረጋ ያለ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። አንድ ቀን ለኤልፍነሽ ስለ እናቱ ነገራት። እናቱ ዙሌካ ምጽዋ ተወልዳ፣ በልጅነቷ አዲስ አበባ ለመርካቶ ነጋዴ ተድራ እዚያው ኖራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቶሮንቶ ልጇ ዘንድ መጥታ፣ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ያለው ቤቱ ውስጥ ተዘግታ ከመስገጃዋ አትነሣም፤ ሰውም አታናግርም። ያገሯን ሰው ብታገኝ ምናልባት ይሻላት ይሆናል ብሎ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሊያመጣት ቀጠረ። የምጽዋ ሰው ከመጣች የማን ልጅ ነሽ፣ የትኛው ሰፈር ነበርሽ ብላ መጠየቋ አይቀርም። ኤልፍነሽ አሞኛል ብላ ልትቀር አሰበች፤ ነገር ግን ያን ቅዳሜ እሌኒ የሥራ ባልደረቦቿን ልትጋብዝ ቃል ገብታ ነበር።

ዙሌካ በልጇ ክንድ ተደግፋ ገባች። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሻርፕዋን እስከ ግንባሯ ያወረደች ሴት ናት። ያዕቁብ ፖስተሩን እያሳየ፣ ያቻትልሽ ምጽዋ አላት። ዙሌካ ቆማ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ ኤልፍነሽን አየች። ሻርፕዋን ለማስተካከል እጇን ስታነሣ ግራ ቅንድቧ ተገለጠ፤ መሐሉ ላይ ፀጉር ያልበቀለበት ቀጭን ጠባሳ ነበረው።

ኤልፍነሽ ዓይኗን ወደ ፖስተሩ መለሰች። ዙሌካ ግን ለልጇ መስገድ እፈልጋለሁ አለችውና፣ «እሷ ቦታ ታሳየኝ» ብላ ወደ ኤልፍነሽ ጠቆመች።

ሁለቱ ከማድ ቤቱ ጀርባ ወዳለው የዕቃ ክፍል ገቡ። በሩ ሲዘጋ ኤልፍነሽ ለመንበርከክ ቃጣት።

«ይቅር ይበሉኝ። አሁኑኑ ወጥቼ ለሁሉም እናገራለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«እርስዎ መሆንዎን።»

«እንዳታደርጊው» አለች ዙሌካ። ድምፅዋ አልከረረም። የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ጉዳዩን ባጭሩ ነገረቻት። ያን ጊዜ ወደቡ ላይ ስልክ ቤት ትሠራ ነበር። ፎቶ አንሺው ፈረንጅ ከጓደኛዋ ጋር ጀልባ ላይ አወጣት፤ ነፋሱ ሻርፕዋን ወሰደባት፤ እሱም ያንኑ አነሣ። ፖስተሩ አስመራ ሱቅ መስኮት ላይ ሲሰቀል አባቷ አየው። ወሩ ሳያልቅ ለማታውቀው፣ በዕድሜ ለሚበልጣት ሰው ተዳረች። ባሏ ነገሩን ያውቅ ነበር። አንድም ቀን አልመታትም፤ ግን እስኪሞት ድረስ ብቻዋን ከደጅ አስወጥቷት አያውቅም።

«ልጄ አባቱን እንደ መልአክ ነው የሚያየው። ይሄንን ካወቀ ሌላውንም ይጠይቀኛል። የሞተ ሰው አላማም» አለች። «ስለዚህ አንቺ ነሽ። አንቺው ሆነሽ ቅሪ።»

ኤልፍነሽ ስንት ወር ሙሉ አንድ ሰው መጥቶ ቢያጋልጠኝ ስትል ኖራለች። ማፈሯ ባይቀርም ትገላገላለች። አሁን በሩን ልትከፍትላት የምትችለው ብቸኛዋ ሴት መጥታ ከውጭ ቆለፈችው።

ዙሌካ ገና አልጨረሰችም። «ጀልባው ላይ ለምን ሳቅሁ ትያቸዋለሽ?» አለቻት።

ኤልፍነሽ አፍራ፣ ወፍ መጥታ የፎቶ አንሺውን ባርኔጣ ነጠቀችው እላለሁ አለች።

«ወፍ የለም። ባለ ጀልባው ሽማግሌ ፈገግ እያለ ፈረንጁን በዓረብኛ ይሰድበው ነበር። ፈረንጁ ያመሰገነው መስሎት አንገቱን ይነቀንቃል። እሱ ነው ያሳቀኝ።» ይህን ስትል ከንፈሯ ዳር ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ።

ያን ከሰዓት ኤልፍነሽ ከፖስተሩ ሥር ተቀምጣ የሽማግሌውን ስድብ ተረከች። ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ የእሌኒ ባልደረቦች እየተተረጎመላቸው ሳቁ። ዙሌካ ግድግዳው ጥግ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥ ነበር። ከንፈሯ ከኤልፍነሽ ቀድሞ ይንቀሳቀስ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ዙሌካ ቅዳሜን አላጓደለችም። ሁልጊዜ አስቀድመው ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ይገቡና ትንሽ ነገር ታቀብላታለች፤ የመርከቡን ጩኸት፣ የጓደኛዋን ስም፣ ከቅስቶቹ ሥር የሚሸጠውን የሎሚ ውኃ። ኤልፍነሽ ወጥታ ታወራዋለች። ያዕቁብ እናቱ መብላትና መናገር በመጀመሯ ደስታውን አልቻለውም፤ የኤልፍነሽን እጅ ስሞ እናቴን የመለሱልኝ እርስዎ ነዎት አላት። እሷ አንዳንዴ የራሷን ምጽዋ ትፈልገዋለች፤ የረጠበ አንሶላ ክብደት፣ የማጠቢያ ሶዳ የበላው ጣት። ስለዚያ የጠየቃት ሰው የለም።

በጸደይ እሌኒ ካልጋሪ በሚባል ሩቅ ከተማ ጥሩ ሥራ አገኘች። ኤልፍነሽ በልቧ እልል አለች። ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር አወጣች፤ ብርሃኑም እየከፋውም ቢሆን እሺ አለ። ቅዳሜ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ለዙሌካ ስትነግራት፣ ዙሌካ፣ «ሂጂ፤ ልጅሽ ናት» አለቻት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እኔ ግን ምን ብዬ ነው ወደዚህ የምወጣው?» አለች። ለኤልፍነሽ ይሁን ለራሷ አልታወቀም።

ኤልፍነሽ ሳምንቱን ሙሉ አልተኛችም። በመጨረሻ እሌኒን እናንተ ቅደሙ፣ እኔ ከበጋው በኋላ እመጣለሁ አለቻት።

«ሰው እያጨበጨበልሽ መቅረት ነው የፈለግሽው» አለቻት እሌኒ።

ኤልፍነሽ እውነቱን ከምትነግራት ይህንን ብታስብ ይሻላል ብላ አንገቷን ደፋች። እሌኒና ምስጋና ሰኔ ላይ ሄዱ። የፍሌሚንግደኑ ቤት ተለቀቀ፤ ብርሃኑ ከምግብ ቤቱ በላይ ያለውን ትንሽ ክፍል ሰጣት። ከታች የሚቀቀለው ሁሉ ይሸታታል፤ ወንበር ሲጎተት ይሰማታል። በጋው አለፈ፤ ካልጋሪ በረዶ መጣል ጀመረ።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ምስጋና ደወለች። አዲሱ ትምህርት ቤቷን እየነገረቻት ሳለ ከታች የያዕቁብ ታክሲ ቆመ። ኤልፍነሽ በመስኮት አየች። ያዕቁብ በሩን ከፍቶ እናቱን ሲያስወርድ ዙሌካ ቀና ብላ ወደ ፎቅ ተመለከተች።

«መልሼ እደውልልሻለሁ፣ የኔ ቆንጆ» አለች ኤልፍነሽ፤ ስልኩንም አልጋው ላይ አስቀምጣ ደረጃውን ወረደች።